ሰካራሙ ሰባት

የመኪና ሻንሲ፣ ቦዲው የሚያርፍበት የብረት አጽም፣ ሲለካ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ የሜትሩን ጫፍ ከፊት ግራ ቡሎን ላይ ይይዛል፤ ሌላው ወደ ኋላ ቀኝ ስቦ ያነባል። ከዚያ ደግሞ በተቃራኒው። ሁለቱ ሰያፍ ልኮች እኩል ከመጡ ሻንሲው ቀጥ ያለ ነው። ከተለያዩ የሆነ ቦታ ተጣሟል ማለት ነው፤ ከላይ ምንም ያህል ቀለም ቢለብስ መኪናው መንገዱን ይዞ አይሄድም።

ይህን ያስተማረኝ በያጁ ነው።

«ያዢ» ይለኛል።

«ይዣለሁ» እለዋለሁ።

እሱ ልኩን ለማንበብ ሲያጎነብስ እኔ እሱን አነባለሁ። ቀና ሲል ዓይኔን ወደ ቡሎኑ እመልሳለሁ። በመካከላችን ከእኔ በሃያ ዓመት የሚበልጥ፣ ዝገት የበላው ብረት ተጋድሟል።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። እሱ ከሞተ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ በግቢያችን ጥግ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ሸራ ተከናንባ ቆማለች። እናቴ «ጣውንቴ» ነው የምትላት። አባቴ የእረፍት ቀኑን ከእናቴ ጋር ሳይሆን ከመኪናዋ ሥር ተጋድሞ ያሳልፍ ስለነበር ነው።

«ባሌን ስትካፈለኝ ኖራ አሁን ደግሞ ልጄን ልትወስድ ነው» አለች፣ ላሠራት መነሳቴን ስትሰማ።

ከበያጁ ጋር የተገናኘነው ብረታ ብረት መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲ ልጨርስ ወር ሲቀረኝ፣ ከመኪናዋ ሥር ገብቼ ያነሳሁትን ፎቶ ይዤ ምን ዓይነት ላሜራ እንደሚያስፈልገኝ ልጠይቅ ሄድኩ። ሰው በተሰበሰበበት መናገር ይከብደኛል። ሻጩ «ምን? ጮክ በይ!» ባለኝ ቁጥር ድምፄ እየቀነሰ ሄደ። ከጎኔ የቆመ፣ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ወጣት አንገቱን አስግጎ ስልኬን አየ።

«ይህቺ መኪና አሁንም በሕይወት አለች?»

«አዎ። እርስዎ ያውቋታል?»

«እርስዎ?» ቱታውን ቁልቁል አየ። «ያስረጀኝ ጢሜ ነው ወይስ ዝገቱ?»

ሳቅኩ። ፎቶውን አስፍቶ ደጋግሞ አየው። ዓይኖቹ ሲበሩ አየሁ። መኪና የሚወድ ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

አሮጌ መኪኖች በሚሰበስብ አንድ ባለሀብት ጋራዥ ውስጥ ነበር የሚሠራው። የእኔን በእረፍት ቀኑ ሊሠራልኝ ተስማማ፤ ለመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ ፈቃድ ወስዶ መጣ። በመጀመሪያው ቀን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆነው ቦዲዋን አንስተው ለብቻዋ አስቀመጧት። ሻንሲው ራቁቱን ቀረ። እኔ የመመረቂያ ጽሑፌን ለማቅረብ ሦስት ቀን ዩኒቨርሲቲ መዋል ነበረብኝ፤ እናቴም ሥራ ትውላለች። ስለዚህ የግቢውን ቁልፍ ሰጠሁት።

ጽሑፌን አቅርቤ ስመለስ ከፊት ግራ በኩል አዲስ ብረት ተበይዶ፣ ጥቁር የዝገት መከላከያ ተቀብቶ አገኘሁት።

«ዝገቱ እስከ አጥንቷ ገብቶ ነበር» አለኝ። «ቆርጬ በአዲስ ተካሁት። ቁጥሯ ያለበትን ግን አልነካሁትም። የሻንሲ ቁጥር የመኪና ነፍስ ነው።»

ነፍስ ማለቱ ደስ አለኝ። አባቴም እንዲህ ያለ ነገር የሚወድ ሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር አለፈ። በያጁ በየእሑዱ ይመጣል። የመኪናዋ ሞተር ተሰንጥቆ ስለነበር ሌላ ሞተር አገኘን፤ እንዲገጥም መቀመጫውን አዛወረ፣ ሻንሲው ላይም አንድ አግዳሚ ብረት ጨመረበት። ከእያንዳንዱ ብየዳ በኋላ እንለካለን። ያዢ። ይዣለሁ።

አንድ ቀን ማስኩን ከራሱ አውልቆ እኔ ላይ አጠለቀው።

«እሳቱን አትዪው። ከሥሩ የሚቀልጠውን ብረት ተከተዪ።»

እጄን ይዞ አስጀመረኝና ለቀቀኝ። ሲለቀኝ ላሜራውን በሳሁት፤ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ። ብረቱን አቀዝቅዞ ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቀለው።

«ምን ልታደርገው ነው?»

«የመጀመሪያ ልጃችን ነው። ይጣላል እንዴ?»

ማስኩን ቶሎ አላወለቅኩም። ባወልቀው ፊቴ ያሳብቅብኝ ነበር።

እናቴ መጀመሪያ ሻይ ስታመጣ አንድ ብርጭቆ ለእኔ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ወር ሁለት ሆነ። በአራተኛው ወር «ባለመነጽሩ ዛሬ አይመጣም እንዴ?» ብላ በር በሩን ታይ ጀመር።

«እማማ፣ ጣውንትዎን ላቆንጅልዎ ነው የመጣሁት» ይላታል።

«እሷን ተዋት። ልጄን እንዳታጠቁርብኝ፣ አንተ ጥላሸት!»

ሥራው ሊያልቅ ሲል ሻንሲው ላይ ተቀምጠን፣ እግራችንን በአግዳሚው መሀል አንጠልጥለን ሳለ ጠየቀኝ።

«ስታልቅ መጀመሪያ ወዴት ትወስጂኛለሽ?»

«ወዴት ልውሰድህ?»

«ቤተሰቦቼ ጋ።»

በእጁ የያዘውን ዳዶ ሲያሽከረክር፣ ሲያሽከረክር፣ ወደቀና ከብረት ብረት እየዘለለ መሬት ደረሰ። ሁለታችንም ልናነሳው ጎንበስ አልን። እዚያው ጎንበስ እንዳልን «እወስድሃለሁ» አልኩት።

አሁን ስለ አባቴ እርሳስ መናገር አለብኝ።

አባቴ በየዓመቱ፣ መኪናዋ ለምርመራ ከመቅረቧ በፊት፣ የሻንሲ ቁጥሯን በወረቀት ያነሳ ነበር። ቁጥሩ ከፊት ግራ ጎማ ኋላ ስለሆነ ትንሽ እጅ ይፈልጋል፤ ትንሽዋ እጅ የእኔ ነበረች። ወረቀቱን እለጥፋለሁ፣ በእርሳስ ቀስ እያልኩ አሻሻለሁ፤ ቁጥሮቹ ከጥቁሩ ውስጥ አንድ በአንድ ነጭ ሆነው ይወጣሉ። ከመጨረሻው ሁለተኛው ሰባት ቁጥር ነው። ፋብሪካ ሲመቱት እጃቸው ስቶ መሰለኝ ወደ ግራ ያዘነበለ፣ ከመስመሩም ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። አባቴ «ሰካራሙ ሰባት» ይለዋል።

«ሰካራሙ ገባ?» ይለኛል ከላይ ሆኖ።

«ገብቷል አባዬ! እየተንገዳገደ ነው!»

አሥራ አንዱም ወረቀት ሊብሬው ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ይህን ለበያጁ ነግሬው አላውቅም። የእኔና የአባቴ ብቻ ነበር። በሠርጋችን ቀን ልነግረው አስቤ ነበር።

መኪናዋ ለምርመራ የምትቀርብበት ሳምንት ደረሰ፤ ቦዲዋን መልሶ መጫን ብቻ ቀርቶ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ነበርኩ። ቁጥሩ ላይ ያለውን ጥቁር ቀለም በቀጭኑ ጠርጌ፣ ወረቀት ለጥፌ፣ እርሳሴን ማሻሸት ጀመርኩ። እጄ አሁን ትልቅ ነው፤ እንደ ምንም ገባ። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ወጡ። ሁሉም ትክክል ናቸው። ሰባቱም ወጣ።

ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ወረቀቱ ሸሽቶብኝ ይሆናል ብዬ ደግሜ አነሳሁ። ሦስተኛም አነሳሁ። ከአሥራ አንዱ የአባቴ ወረቀቶች ጎን መሬት ላይ ዘረጋኋቸው። በአሥራ አንዱ ላይ ሰባቱ ይንገዳገዳል። በሦስቱ ላይ እንደ ዘብ ቆሟል። ዕድሜውን ሙሉ ሰክሮ የኖረ ሰባት በአንድ ጊዜ ስካሩ አይለቀውም።

በማግስቱ በያጁ ትኩስ ዳቦ በብብቱ ይዞ፣ እያንጎራጎረ መጣ። ሁለት ወረቀት ዘረጋሁለት፤ አንዱ የአባቴ፣ አንዱ የእኔ።

«ምንድን ነው?»

«አንተ ንገረኝ።»

አየ። ዳቦውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ጠፋው። መጨረሻ ላይ ሻንሲው ላይ አኖረው።

«አባትሽ… ይህን በየዓመቱ ያነሳ ነበር?»

የጠየቀኝ እሱን ነው። አልካደም፤ እሱ እንደሆነ በዚያ አወቅኩ።

«ዋናው የት ነው?»

«ሰብሳቢው ጋ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «የአባትሽን የመሰለች መኪና አለችው። ወረቀት የላትም። ቁጥር ያለው ብረት ካመጣህልኝ የጋራዡ ኃላፊ አደርግሃለሁ አለኝ። ሱቁ ውስጥ ፎቶሽን ሳይ…»

ዓይኖቹ ሲበሩ ያየሁት ትዝ አለኝ።

«ቆርጠህ ሰጠኸው። በምትኩ ሌላ ብረት ላይ ቁጥሩን መትተህ በየድክልኝ።»

«አዎ።»

«እሱ በዚያ ቁጥር ወረቀት ሲያወጣ የእኔስ?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ሁለት መኪና በአንድ ቁጥር አይኖርም። የፋብሪካው ብረት ያለው እሱ ጋ ነው። የአባቴ መኪና አስመስላ የቀረበች ትባላለች፤ ይወስዷታል። አጭበርባሪዋም እኔ እሆናለሁ።

«የቆረጥኩት በመጀመሪያው ሳምንት ነው» አለ። «ያኔ አላውቅሽም ነበር።»

«ካወቅከኝ በኋላስ?»

«በየሳምንቱ ልነግርሽ እየተነሳሁ…»

«ያዢ ስትለኝ? እኔ ይዤልህ፣ አንተ እዚያው የሰረቅክበት ቦታ ላይ ጎንበስ ብለህ ስትለካ?»

ድምፄ ከፍ ብሎ ስሰማው የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። እናቴ ከቤት ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«ቁልፉን» አልኩት።

ከኪሱ አውጥቶ ዳቦው አጠገብ አስቀመጠው። ሲሄድ በሩን በቀስታ ዘጋው፤ ሰው የተኛበት ቤት ይመስል።

እናቴ ነገሩን ስነግራት ሻንሲው ጋ ሄዳ በመዳፏ ዳሰሰችው። ነክታው አታውቅም።

«ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አለች። «ምስኪን! ጣውንት እንኳ ብትሆን እንዲህ አይደረግባትም።» ብላ ስታለቅስ፣ ያን ጊዜ እኔም አለቀስኩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀዳዳ ላሜራ ላወርደው ሄጄ ሚስማሩ አልነቀል አለኝ።

ምርመራውን ተውኩት። በሐሰተኛ ቁጥር ይዣት መቅረብ አልቻልኩም። እሱን ልክሰስ ብዬ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሁለት ጊዜ ከደጃፍ ተመለስኩ። ለምን እንደተመለስኩ ባላውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

በሦስተኛው እሑድ በሩ ተንኳኳ። በያጁ ነው፤ ከስቷል። የተጠቀለለ ቱታ ታቅፏል። ሲፈታው የእጅ መዳፍ የምታህል ብረት ወጣች። ከጫፏ ሁለተኛው ሰባት እየተንገዳገደ ነበር።

«ወረቀት ሳያወጣበት ደርሼ ነው። ከመኪናው ላይ ቆርጬ አመጣሁት። ከሥራም ወጣሁ» አለ። ብረቷን እያገላበጠ «እኔው ብበይደው ነው ልክ የሚመጣው። የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ።

እናቴን አየኋት። ትከሻዋን ነቀነቀች። «የአባትሽ ብረት ወደ ቤቱ ይግባ» አለችኝ። «ስለ ሌላው አንቺ ታውቂያለሽ።»

አስገባሁት። በርጩማ አምጥቼ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀመጥኩ። ሐሰተኛውን ሲቆርጥ፣ ጫፉን ሲሞርድ፣ እውነተኛውን ሲገጥም፣ ነጥብ በነጥብ ሲበይድ፣ እኔ ትርፉን ማስክ አጥልቄ ዓይኔን ከእጁ ላይ አላነሳሁም። ድሮም ከእጁ ላይ አላነሳም ነበር። ድሮ ወድጄው ነው፤ አሁን እንዳይሰርቀኝ ነው። እሱም አወቀው። አንድ ጊዜ ኤሌክትሮዱ ከእጁ አመለጠ፤ አምልጦት አያውቅም።

ሲጨርስ በልማድ የሜትሩን ጫፍ ዘረጋልኝ።

«ያዢ።»

ያዝኩ። ግን «ይዣለሁ» አላልኩትም። ሁለቱ ሰያፎች እኩል መጡ።

ወረቀትና እርሳስ አወጣሁ። እንደ ተማሪ አጠገቤ ቆሞ ጠበቀኝ። አሻሽቼ ከአባቴ ወረቀት ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ሰካራሙ ገብቷል።

«ልክ ነው» አልኩ።

ፊቱ ላይ ያ የማውቀው ፈገግታ ሊመጣ ጀመረ። «ልክ ነው? እንግዲህ… እኔና አንቺስ?»

መልሱን ለሦስት ሳምንት ስፈልገው ነበር። ያገኘሁት አሁን፣ ጣቴ ጥቁር ሆኖ ሳየው ነው።

«መልሰህልኛል፤ አመሰግናለሁ። ደግሞም እወድሃለሁ። ግን አንተን በየቀኑ በእርሳስ እያረጋገጥኩ መኖር አልችልም።»

መነጽሩን ከግንባሩ አውልቆ ኪሱ ከተተ። «እሺ» አለ። እናቴ ሻይ ይዛ ወጥታ ነበር፤ ሁለት ብርጭቆ። ሳያይ አለፋት።

አሁን ሦስት ዓመት ሆነው። ወደ ሥራ የምሄደው በመኪናዋ ነው፤ እናቴም ከጎኔ ስትቀመጥ «ቀስ በይላት» ትለኛለች። መሪውን ብለቀው እንኳ ወዲህ ወዲያ አትልም።

ባለፈው ወር ለምርመራ ወሰድኳት። ሽማግሌው መርማሪ በባትሪ መብራት ከሥር ገብቶ ቆየ።

«ቁጥሩ የፋብሪካው ነው። ዙሪያውን ግን ተበይዷል» አለ ከዚያው ሆኖ። «ባልዳስሰው መስመሩን አላገኘውም ነበር። የዚህ ሰው እጅ ወርቅ ነው! ማነው? ታውቂዋለሽ?»

ወረቀቱን ለጥፌ እርሳሴን እያሻሸሁ ነበር። ሰባቱ ዘንበል ብሎ፣ ነጭ ሆኖ ወጣ።

«ያኔ አላውቀውም ነበር» አልኩ።