የኋላው ወንበር

«ወንበሬን ሸጠውብኝ ነው እንጂ እደርስ ነበር!»

ድምፁ የመጣው ከመጋረጃው ወዲያ፣ ወንዶቹ ከተቀመጡበት ክፍል ነው። ጁማና ሻይ የተደረደረበትን ትሪ ይዛ ከመጋረጃው ሥር ቆማለች፤ ውስጥ ለሚያስተናግደው ልጅ ልታቀብል። ብርጭቆዎቹ ተንኳኩ።

«ምነው ልጄ፣ ከበደሽ እንዴ?» አሏት እናቷ ከኋላዋ።

«አይ፣ አቃጠለኝ።»

የሚናገሩት ጋሼ ሙሐመድያሲን ናቸው፤ ቢቸና ላይ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ሞጣ ያሉት እናታቸው የእነ ጁማና ጎረቤት ነበሩ፤ ትናንት ንጋት ላይ አረፉ። ቀብሩ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ሆነ። መቼም የሙስሊም ጀናዛ አይቆይም፣ የቀረውን ሰው ጠብቁ አይባልም። ጋሼ ሙሐመድያሲን ሞጣ ሲገቡ ሰው ከመቃብር እየተመለሰ ነበር።

«ማልጄ በስልክ የኋላ ወንበር ያዝኩ» ይላሉ፤ ድምፃቸው ተሰባብሯል። «‹ተረጋግጧል› የሚል መልእክት መጣልኝ። መነኻሪያ ስደርስ ትኬት የምትቆርጠዋ ‹ተሰርዟል› አለችኝ። ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል! ረዳቱን ብለምነው ‹ትርፍ ከጫንኩ ትራፊክ ይቀጣኛል› አለ። እናቴን አንድ እፍኝ አፈር እንኳ በእጄ ሳላለብሳት ቀረሁ።»

«ማን ናት የሸጠችው?» አለ አንዱ።

«ባንቺዓለም የምትባል ትኬት ቆራጭ ናት። ጉቦ በልታ ነው እንጂ ወንበር በራሱ ይሰረዛል? እኔ አልከሳት፣ አልሰድባት። ለአላህ ሰጥቻታለሁ።»

«አሚን» አሉ ሰዎቹ።

ምን ልበላችሁ፣ ጁማና ትሪውን ማቀበሉን ረሳችው። በእኛ አገር የተሳደበ ይታረቃል፣ የተማታም ይካሳል። ለፈጣሪ የሰጠ ሰው ግን ነገሩን ከእጁ አውጥቶታል። ባንቺዓለምን ደግሞ ጁማና በዓይኗ እንኳ አይታት አታውቅም።

ወንበሩን የሰረዘችው ራሷ ጁማና ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎህ ጮቄ የሚባለው አውቶቡስ ትኬት በቴሌግራም መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ጁማና ስታየው ስታየው አንድ ነገር ከነከናት። ሠራተኞቹ ወደ ሲስተሙ በሚገቡበት በኩል ለመግባት ሞከረች። ፓስወርዱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አውቶቡሱ ጎን ላይ በትልቁ የተጻፈው ስልክ ቁጥር! አገር የሚያውቀው ቁጥር። ወዲያው የክፍሏን ልጅ ምንይሉን ይዛ ሞጣ ቢሯቸው ሄደች፤ እውነቷን ነው፣ መጀመሪያ የሄደችው ልትነግራቸው ነበር።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ወልደ ሰንበት ግን ቀና ብለውም በደንብ አላዩዋትም።

«አንቺ ልጅ፣ ፈተና የለብሽም?»

«አለብኝ። ግን ማንም ሰው ገብቶ…»

«ሂጂ፣ ደብተርሽን ግለጪ!»

ቢሮው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። እንግዲህ ጁማና ስትናደድ ጆሮዋ ይቀላል፤ ያን ቀን እስከ ቤቷ ድረስ እንደቀላ ነው የሄደችው።

«አቦ ሙድ ያዘብን እኮ ሰውዬው» አለ ምንይሉ። «ማስረጃ ካላሳየነው አያምንም። አንድ ወንበር ሰርዢ፣ ፎቶ አንሺው፣ መልሺው። በቃ።»

እሷም በማግስቱ ጠዋት፣ ክፍል ሳይገቡ፣ እንዳለው አደረገች። ያውም ተጠንቅቃ! ከቢቸና የሚመጣውን መኪና የመጨረሻ የኋላ ወንበር ነው የመረጠችው። «እዚያ የሚቀመጥ ሰው ወገቡ ነው የሚፈርሰው፤ ብሰርዝለት ይመርቀኛል» ብላ ቀለደች። ምንይሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰረዘችው። የስክሪኑን ፎቶ ያዘች። ልትመልሰው ስትል ኔትወርክ ጠፋ።

ሞጣ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚደነግጥ የለም። ይመጣል ብለው ጠበቁ፤ ደወል ተደወለ፣ ገቡ። በእረፍት ሰዓት ስትከፍተው ወንበሩን ሌላ ሰው ይዞታል። ያኔ ቢሮ ደውላ «አንድ ሰው ተሰርዞበታል» ማለት ትችል ነበር። ቁጥሩን እንደሆነ በቃሏ ታውቀዋለች። «ሰውዬው በሚቀጥለው መኪና ይሄዳል» አለች በልቧ፤ ስልኳን አጠፋችው።

ማታ ደግሞ ፎቶውን የክፍላቸው ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። ለአቶ ወልደ ሰንበት የታሰበው ማስረጃ እሳቸው ጋ ሳይደርስ ቀረ። «የሞጣዋ ሀከር» አሏት። የእሳት ምልክት ላኩላት፣ ልብ ላኩላት። ማታውን ስትስቅ ነበር። ጎረቤት ለቅሶ ተቀምጦ እሷ ብርድ ልብስ ውስጥ ስልክ እያየች ስትስቅ! ይህን ስታስታውስ አሁን ፊቷን የምትደብቅበት አጣች።

ትሪውን አቀብላ ወደ ደጅ ወጣች። ምንይሉ በሩ ላይ አገኛት፤ ከእናቱ ጋር ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ነው።

«ሰማሽ?» አላት ዝቅ ብሎ። «የቢቸናዋን ትኬት ቆራጭ ከሥራ አግደዋታል። ረዳቱ ነው የነገረኝ።»

«ፓስወርዱስ?»

«የት ይቀይሩታል! ያው ነው።»

ከጁማና አፍ ሳቅ የሚመስል ነገር ወጣ፤ ሳቅ ግን አልነበረም። «ታዲያ ምን አጋለጥን?»

«እኛ ምን አጠፋን? በሩ ክፍት ነበር። የእነሱ ጥፋት ነው።»

«በሩማ ክፍት ነበር። ገብተን የሰው ወንበር አነሳን እንጂ።»

«ጁማና፣ ስምሽ የትም አልወጣም። ፎቶውን አጥፊው፣ ዝም በይ። ፖሊስ ቢጠራሽስ? አባትሽስ?»

አባቷ ውስጥ ናቸው፤ ከጋሼ ሙሐመድያሲን አጠገብ፣ ትከሻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከሰዓት በፊት ለሰው ሁሉ «ልጄ እኮ ኮምፒውተር ታውቃለች» ሲሉ ሰምታቸዋለች።

ስልኳን አወጣች። ግሩፑን ከፈተች። ፎቶው ሥር አሁንም ልብ ይጨመራል። ምንይሉ በትከሻዋ በኩል እያየ «አጥፊው፣ ጎበዝ» አላት። አላጠፋችውም። ስልኩን እንደተከፈተ እጇ ውስጥ ያዘችው።

«የት ነው?»

«ሻይ ላቀብል።»

ጓዳ ገብታ አዲስ ትሪ አነሳች። መጋረጃው ጋ ስትደርስ የሚያስተናግደው ልጅ እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም። በትከሻዋ መጋረጃውን ገፋ አድርጋ ራሷ ገባች። ሰዎቹ ቀና አሉ፤ አባቷ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ትሪውን ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ ጋሼ ሙሐመድያሲን ፊት ተንበረከከች፤ ስልኩን አጠገባቸው አኖረችው። ጆሮዋ እሳት ሆኗል።

«ጋሼ» አለች ስልኩን ወደ እሳቸው ገፋ አድርጋ። «ጋሼ፣ ለአላህ የሰጧትን ልጅ ይመልሷት። እሷ አይደለችም።»

«ታዲያ ማን ናት?» አሉ።

አባቷን አላየችም። ብታያቸው ሳትናገር እንደምትቀር ታውቃለች።