ደባርቅ ላይ የሞተ ጠላቂ

ደባርቅ ውስጥ ሰው ሲሞት፣ የሞተበትን ምክንያት ከፖሊስ ቀድሞ የሚያውቀው ገበያው ነው። የኦምሪ ሬሳ ገና ከሆስፒታሉ አልጋ ሳይነሳ ከመናኸሪያው እስከ እህል ተራው ያለው ሰው ሁሉ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሶ ነበር፤ ያን ከእስራኤል የመጣ ጠላቂ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ጉልበቱ ገደለው። ሐኪሙም ከገበያው ብዙ አልራቀም። የረጋ ደም ከጉልበቱ ተነሥቶ ሳንባው ሳይገባ አይቀርም አለ። ይህቺ «ሳይገባ አይቀርም» ኢንስፔክተር አልጣሽን አበሳጨቻት።

እርግጥ አልጣሽን የሚያበሳጭ ነገር ጠፍቶ አያውቅም። በዚያ ሳምንት የጣቢያው መኪና ጎማ አልነበረውም፣ ስልኩ ኔትወርክ አልነበረውም፣ አለቃዋ ኮማንደር ገብረ ሚካኤል ደግሞ ትዕግሥት አልነበረውም።

«ፈርሚበትና ይዘጋ» አላት። «ሰውየው ቀዶ ጥገና ነበረበት፣ ሞተ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ሚስቱ ሬሳውን አልረከብም ብላለች።»

«ሐዘን ነዋ!»

«ሐዘን መሆኑን ጠይቄ ልምጣ» ብላ ወጣች።

የኦምሪ ሚስት ታሊያ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። አታለቅስም። እሷም ባሏም ዳባት አካባቢ ተወልደው በሕፃንነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር እስራኤል የገቡ ናቸው፤ አሁን የትውልድ አገራቸውን ሊያዩ መጥተው ነበር፤ አማርኛዋ ከእናቷ የወረሰችው የገጠር አማርኛ ነው። እዚያ አገር የቀዶ ጥገና በሽተኞችን አካል በእንቅስቃሴ የምታጠናክር ባለሙያ ናት።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለቻት። «ጉልበቱ ነው?»

«ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ሐኪሙ ጉልበቱን ሰፋ እንጂ ያስኬድኩት እኔ ነኝ። በየጠዋቱ ደረጃ አስወጣው ነበር። ሲያለቅስ እንኳ አላዘንኩለትም። ተመልሶ እንዲጠልቅ "ጉልበትህ ድኗል፣ ግባ" ያልኩት እኔ ነኝ። ጉልበቱ ከገደለው እኔ ገደልኩት።»

አልጣሽ ማጽናናት አታውቅበትም፤ ሞክራውም አታውቅም። አጠገቧ ተቀመጠች።

ታሊያ ቀስ እያለች ነገረቻት። ከሊማሊሞ ግርጌ፣ ቆላው ውስጥ፣ ሊመረቅ የተቃረበ የመስኖ ግድብ አለ። የውሃ መልቀቂያ በሩ ተደፍኖ አልከፈት ሲል ኢንጂነር እንግዳው ኦምሪን ለመነው። ኦምሪ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ውስጥ ሊገባ ነበርና በደስታ ሰከረ።

«ያገኘውን ሁሉ መጥለቅ ካላስተማርኩህ ይል ነበር። ለኢንጂነሩም ቃል ገብቶለታል።»

«በሞተበት ቀንስ ጠልቆ ነበር?»

«የለም። ኢንጂነሩ ደውሎ ነገረኝ። ውሃው ዳር እንደቆመ ጉልበቱን አመመውና ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ቀረ፤ ወደ ሆስፒታል ልኬዋለሁ አለኝ። ሳገኘው ሞቷል።»

ኦምሪን ከቆላው ያመጣው የፒክአፕ ሹፌሩ ይግዛው ነበር። የዳባት ሰው ነው፤ ቃል ሲናገር እንደ ማር ይስበዋል። አልጣሽ ሁለት ጊዜ «ቶሎ በል!» አለችው፤ ሁለቱንም ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረላት።

«እንግዲህ እርስዎ፣ ኢንጂነሩ ጠራኝና "ይኸን ሰው ደባርቅ ሆስፒታል አድርሰው" አለኝ። መርፌ ተወግቶ ተኝቶ ነበር። ሊማሊሞን ስናጋምስ ነቃ። ትንፋሽ አጠረው።»

«ተናገረ?»

ይግዛው ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዘ። «የበሽተኛ ቃል ነው እንግዲህ። "ታች መልሰኝ" አለኝ። ደጋግሞ "ታች፣ ታች" አለኝ። ሆስፒታሉ ያለው ላይ፣ እሱ የሚለው ታች! ለመሆኑ በሽተኛ ይዞ ወባ ወዳለበት ቆላ የሚወርድ ሰው አለ? አይዞህ ደረስን እያልኩ ነዳጁን ረገጥኩት።»

«ኢንጂነሩ ለምን አብሮህ አልወጣም?»

«እኔንም ገርሞኛል። ሙቀቱንም ትንኙንም አይችልም። በየምሽቱ ከኔ ቀድሞ መኪና ውስጥ የሚገባው እሱ ነበር። ያን ለት ግን ሥራ አለኝ ብሎ እዚያው አደረ።»

አልጣሽ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥታ ለኢንጂነሩ ደወለች። ባስቸኳይ ደባርቅ ድረስ ይምጡ አለችው። መንገዱም መኪናውም እያለው «ዛሬ አልችልም፣ ነገ ከሰዓት» ብሎ ስልኩን ዘጋባት። በዚህ ጊዜ የተሳደበችውን ስድብ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ተመልሳ ይግዛውን «ንዳ!» አለችው።

ከመውረዳቸው በፊት ጥሟት ነበርና ውሃዋን ጠጥታ ባዶውን ሃይላንድ ከድና ከወንበሩ ሥር ወረወረችው። ሊማሊሞን ጠመዝማዛ በጠመዝማዛ ወርደው ቆላው ሲደርሱ ላስቲኩ በራሱ ጊዜ ተጨማዶ አገኘችው። ይግዛው ስታየው አየና ሳቀ።

«አየሩ ነው። ታች ሲወርዱ ይጨማደዳል። ታች የከደኑት ደግሞ ላይ ሲወጣ ይነፋል። እዚህ መንገድ ላይ ይኸን የማያውቅ የለም።»

አልጣሽ ሃይላንዱን እያገላበጠች ብዙ ቆየች።

ኢንጂነር እንግዳው ቦርጫም፣ ላቡ የማይደርቅ ሰው ነው። ግራ ጆሮው ላይ ጥጥ ወትፏል፤ ሲያናግሩት በቀኙ ዞሮ ነው የሚሰማው።

«ጆሮዎን ምን ሆኑ?»

«ጉንፋን።»

«በዚህ ሙቀት?»

«ከደባርቅ ብርድ ያመጣሁት ነው» አለና ፈገግ አለ። «ስለ ኦምሪ በጣም አዝኛለሁ ኢንስፔክተር። ጉልበቱ ገና ነበር። ሚስቱ ግን አስቸኮለችው።»

የጠላቂውን ዕቃ ያሳዩኝ ብላ ወደ መጋዘኑ ገባች። ታሊያ ሁለቱም ሲሊንደሮች በአየር ተሞልተው እንደወረዱ ነግራታለች። አልጣሽ የአንዱን ቧንቧ ከፈተች፤ ትፍ እንኳ አላለም። ሁለተኛውም እንዲሁ።

«አየሩ የት ሄደ?»

«መንገዱ አናውጦት ተንፍሶ ይሆናላ። እኔ ስለዚህ ዕቃ ምን አውቃለሁ? ዋና እንኳ አልችልም።»

ከሲሊንደሮቹ ኋላ እርሳስ የተደረደረባቸው ሁለት ቀበቶዎች ተንጠልጥለዋል፤ ጠላቂን ወደ ታች የሚያወርዱት እነዚህ ናቸው። አንደኛው ለቀጭን ወገብ ጠብቋል። ሁለተኛው እስከ ጫፉ ተለቋል። በሁለቱም መቆለፊያ ውስጥ አረንጓዴ ደለል አለ፣ ገና አልደረቀም። አልጣሽ በጣቷ ነካችውና በቀሚሷ ጠረገች።

ከዚያ መርፌውን ወደወጋችው የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ወደ ብርሃኔ ሄደች።

«ጉልበቴን ብሎ መጣ» አለች ብርሃኔ። «ፀጉሩ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር፣ ፎጣ ሰጠሁት። "ዛሬ ከዚህ አልነቃነቅም፣ እዚሁ ልተኛ" አለኝ። ማስታገሻ ወጋሁትና እንቅልፍ ወሰደው። ለወላድ ተጠርቼ ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። ኢንጂነሩ መኪና ላይ አስጭነውታል።»

«አልተቃወምሽም?»

«ሆስፒታል ነው ያሉት። ሆስፒታል ሄደ ተብሎ ምን ይባላል?»

ብርሃኔ እውነቷን ነበር፤ አልጣሽን ያናደዳትም ይኸው ነው። መርፌው ደግነት ነው፣ መኪናው ደግነት ነው፣ ሆስፒታሉም ደግነት ነው። ሰውየው ግን ሞቷል።

በማግሥቱ ከሰዓት እንግዳው እንደ ቃሉ መጣ። ኮማንደሩ ቢሮ ውስጥ ታሊያ፣ ብርሃኔና ይግዛው ቀድመው ተቀምጠዋል። ኮማንደሩ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«አጭር አድርጊው» አለ።

«ኦምሪ አልጠለቀም የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነው» ብላ ጀመረች አልጣሽ። «እሱም ኢንጂነሩ ነው። ብርሃኔ ግን ፀጉሩ ሲያንጠባጥብ አይታዋለች። ልብሱን ሳያወልቅ ዳር የቆመ ሰው ፀጉሩ አይርስም።»

«ፊቱን ታጥቦ ይሆናል» አለ እንግዳው።

«ይሁን። ሲሊንደሮቹስ? ሁለቱም ባዶ ናቸው። ቀበቶዎቹ ሁለቱም ውስጥ የውሃው ወለል ደለል አለ። አንዱ የኦምሪ ነው። ሌላው እስከ ጫፉ የተለቀቀው የማን ወገብ ነው? ይግዛው እንደ ሸምበቆ ነው፣ ብርሃኔም ቀጭን ናት።»

ሁሉም የእንግዳውን ሆድ አዩ። እንግዳው ጃኬቱን ሰበሰበ።

«ጆሮዎንም የመታዎት የውሃ ክብደት ነው፣ ጉንፋን አይደለም። ኦምሪ ቃሉን ጠብቆ መጥለቅ አስተምሮዎታል። ያን ቀን አብራችሁ ወርዳችኋል።» ወደ ታሊያ ዞረች። «አሁን አንቺ ንገሪኝ። ሰው ከቆላ ግድብ ጠልቆ እንደወጣ ሊማሊሞን ቢወጣ ምን ይሆናል?»

ታሊያ ከወንበሯ ተነሣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«የጠለቀ ሰው በዚያው ቀን ተራራ አይወጣም» አለች። «ውሃው ሥር ሲተነፍስ አየር ደሙ ውስጥ ይታመቃል። ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፣ አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። ከውሃው ፈጥኖ ከወጣ፣ ይባስ ደግሞ ከዚያ በፊት ከፍታ ላይ ከወጣ አየሩ ደሙ ውስጥ አረፋ ይሆናል። መጀመሪያ መገጣጠሚያ ያማል፣ ከዚያ ሳንባ…» አፏን በመዳፏ ያዘች። «ጉልበቴን አለ። ጉልበቱን ያመመው ለዚህ ነው!»

«ለዚህ ነው። ኦምሪም ሳይጠረጥር አልቀረም፣ ስለዚህ ቆላው ውስጥ ሊያድር ወሰነ። ሲነቃ ግን ሊማሊሞ አጋማሽ ላይ ነበር። "ታች መልሰኝ" ያለው ቃዥቶ አልነበረም።»

ይግዛው አንገቱን ደፋ።

«እኔ በሽተኛ ሆስፒታል ላክሁ» አለ እንግዳው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ይህ ወንጀል ነው? ተራራ መውጣት እንደሚገድል በምን ልወቅ?»

«ለማያውቅ ሰው ደግነት ነበር» አለች አልጣሽ። «እርስዎ ግን ያውቁ ነበር። በየምሽቱ ትንኝ ሸሽተው የሚወጡት ሰውዬ ያን ለት ብቻ ትንኙን መረጡ። በማግሥቱ ፖሊስ ባስቸኳይ ሲጠራዎት እምቢ አሉ፤ መኪናና መንገድ እያለዎት። ዛሬ፣ አየሩ ከሰውነትዎ ከወጣ በኋላ፣ ዳግም ሳይጠሩ መጡ። ኦምሪን የላኩበትን መንገድ ለራስዎ ፈርተውታል ኢንጂነር።»

ኮማንደሩ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«ውሃው ሥር ምን አሳየዎት?» አለችው። «ዛሬ ባይነግሩኝ ሌላ ጠላቂ አስመጣለሁ። ከግድቡ በታች መንደር አለ፣ ክረምቱም ደርሷል።»

እንግዳው የተናገረው ጠረጴዛውን እያየ ነበር።

«ስንጥቅ ነው። ከበሩ በስተቀኝ፣ ከሥሩ። ሲሚንቶው ሲሞላ ቆሜ ያስሞላሁት እኔ ነኝ። ሳይመረቅ ለወረዳው ካልነገርክ እኔ እናገራለሁ አለኝ። ለመንኩት። ምረቃው ይለፍ ብዬ ለመንኩት።»

ኮማንደሩ ስልኩን አንስቶ ውሃው በትርፍ ውሃ መውጫው እንዲለቀቅ፣ መንደሩም እንዲነሣ ሲያዝ፣ ሁለት ፖሊሶች እንግዳውን ይዘው ወጡ። ኮማንደሩ በሕይወቱ አንዴ አልጣሽን «ደግ አደረግሽ» አላት። እሷ ግን ደስ አላላትም። የሁሉም እጅ ያለበት ሞት ፈትታ ስትጨርስ አንዱን ብቻ ማሰር ያንገበግባታል።

ታሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። «ጉልበቱ አልነበረም» እያለች ነበር የምታለቅሰው፤ እፎይታም ነበረበት። ይግዛው ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ባርኔጣውን ሲጨምቀው ቅርጹ ጠፍቷል።

«እህቴ» አላት። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ታች ብመልሰው ኖሮ ይድን ነበር?»

ሊድን ይችል ነበር፤ ታሊያ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። አልጣሽም ከታሊያ ፊት አነበበችው። ይግዛው ከዚህ ጥያቄ ጋር በየቀኑ ሊማሊሞን ይወጣል፣ ይወርዳል። ታሊያ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

«አይድንም ነበር» አለችው። «ያኔ መሽቶበት ነበር። አንተ የምትችለውን አድርገሃል።»

ይግዛው ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊስም ሲል ብብቱን ይዛ አነሣችው። ውሸትን በዓይኗ ማየት የማትወደው ኢንስፔክተር አልጣሽ ዞር ብላ መስኮቱን ከፈተች።