አጠገብሽ ያሉት ሴትዮ

ያስገባሁት አንድ ወንበር ነበር። ሁለት መሆናቸው ግር ያለኝ ግን ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው...

የምነግራችሁ በገዛ ቤቴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የደረሰ ነገር ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። ጆሮዬ ግን ደህና ነው፤ ዓይኔም ገና መነጽር አልጠየቀም።

ልጄ የሶፍትዌር ኢንጂነር ናት። አራት መሥሪያ ቤቶች ጠይቀዋት፣ አራቱም "እንደውላለን" ብለው ቀርተዋል። ይሄ አምስተኛው ነው። ቃለ መጠይቁ በኢንተርኔት ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ከተማ።

እንድታልፍ እጸልያለሁ። ካለፈች ደግሞ ብቻዬን ልቀር ነው። ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም።

ክፍሏን ወለወልኩ። ከምግብ ጠረጴዛው አንድ ወንበር አመጣሁላት።

መብራት ቢጠፋስ? መስመሩ ቢቆረጥስ? ስታወራ ትን ቢላትስ?

"እማዬ፣ ቃለ መጠይቅ እንጂ ቀዶ ጥገና እኮ አይደለም" አለችኝ።

ውሃ ሳስገባላት ሁለት ወንበር አየሁ። ጎን ለጎን። እሷ ያመጣችው መስሎኝ ዝም ብዬ ወጣሁ።

በሩን ዘግቼ ኮሪደሩ ላይ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ማንም እንዳይረብሻት... ከእኔ በቀር ማን ሊኖር።

የጠያቂው ድምፅ ከኮምፒውተሩ ይሰማል።

"ክፍሉ ውስጥ ብቻሽን ነሽ?"

"አዎ፣ ብቻዬን ነኝ።"

"መልስ የሚነግራቸው ሰው አጠገባቸው የሚያስቀምጡ አሉ፤ ለዚያ ነው። ካሜራውን እስቲ አዙሪልኝ።"

ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ላይ ሲዞር ተሰማኝ...

"ጥሩ። አጠገብሽ ያሉት ሴትዮ ይውጡልን።"

"የቷ ሴትዮ? እናቴን ከሆነ ውጭ ናት።"

"ሻሽ ያሰሩት።"

እጄን ወደ ራሴ ሰደድኩ። ምንም አላሰርኩም።

አለቀላት አልኩ። አጭበረበረች ብለው ሊጥሏት ነው። ማንም የለም ልላቸው ብድግ ስል...

የበሩ እጀታ ወደ ታች ወረደ።

በሩ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ያህል ተከፈተ። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ከዚያ ቀስ ብሎ ተመልሶ ተዘጋ።

ማንም አልወጣም።

ብቻ የሆነ ነገር ቀሚሴን ነካ አድርጎኝ አለፈ... ሳይቸኩል፣ ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው።

"ወጡ፤ እናመሰግናለን" አለ ጠያቂው። "ወደ ኮዱ እንግባ።"

ሲያልቅ ልጄ ፊቷን አጥቁራ ወጣች።

"በሩ ሲከፈት በካሜራው አየሁሽ እኮ። ልታስጥይኝ ነበር።"

"ጥፋቴ ነው፣ የኔ ልጅ" አልኳት።

እውነቱን ብነግራት ትታኝ አትሄድም ነበር።

አለፈች። በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች።

ክፍሏን ላጸዳ ገባሁ። ቤታችን ያሉት ወንበሮች አራት ናቸው። ሦስቱ ምግብ ጠረጴዛው ጋ አሉ። እዚህ ግን ሁለት ቆመዋል...

አልነካኋቸውም። ዘግቼ ወጣሁ።

ትናንት አመሻሹ ላይ በቪዲዮ ደወለችልኝ። ስለ አዲሱ ቢሮዋ፣ አለቃዋ እንዴት እንደሚያስነጥስ እያወራች ታስቀኛለች። ድንገት አቆመች።

"እማዬ... ብቻሽን ነሽ?"

"ከማን ጋር ልሆን ኖሯል?"

የምታየው እኔን አይደለም። ከትከሻዬ በላይ ነው።

"ካሜራውን እስቲ አዙሪልኝ" አለች በሹክሹክታ።

ካየች ነገ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች።

"ባትሪው ሊያልቅብኝ ነው። ደህና እደሪ፣ የኔ ልጅ።"

ዘጋሁት። ዞር ብዬ አላየሁም።

የውጭውን በር ማታ ማታ የምቆልፈው ሁለት ጊዜ አዙሬ ነው። ገና አልቆለፍኩም ነበር። ልነሳ ስል...

ከኮሪደሩ ጫፍ ቁልፉ ዞረ።

አንዴ...

ሁለቴ። ከውስጥ በኩል።