የተቃጠለ ሽቦ ሽታ

ደብሪቱ ከሥራ ስትመለስ ልጇን ከማቀፏ በፊት ቀሚሷን ትቀይራለች፤ እጇንም እስከ ክርኗ በሳሙና ትታጠባለች። ቀኑን የምታሳልፈው በአሮጌ ቴሌቪዥንና በተፈታታ ኮምፒውተር ክምር መካከል ተቀምጣ፣ ከሽቦ መዳብ እያወጣች ነው። የዚያ ቦታ አቧራ ያብስራን እንዲነካው አትፈልግም። ያብስራ ገና አምስት ወሩ ነው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ሲውልበት ከነበረው ከጎረቤቷ ከእትዬ አስካለ ቤት ተቀብላ ስትስመው፣ ከከንፈሩ የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚመስል፣ ጣፈጥ የሚል ቀጭን ሽታ መጣባት።

«እትዬ፣ ከሰሉን በፌስታል ነው እንዴ የሚያያይዙት?»

«ሕፃን ይዤ?» አሉ አስካለ ሳቅ ብለው። «አፍንጫሽን ሥራ ቦታ ረስተሽው መጥተሻል።»

ደብሪቱ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ የአስካለን ምድጃ፣ የጓዳቸውን ጨለማ፣ ልጁን ትክ ብለው ሲያዩት የሚረዝመውን ዝምታቸውን ትሰልል ጀመር። ያብስራ ለቅሶው እየሳሳ፣ ዓይኑ አንድ ቦታ ላይ እየፈዘዘ ሄደ። ስሙን ስትጠራው አይዞርም። በጤና ጣቢያ ከጡት ሌላ ምንም እንዳይቀምስ ነግረዋት፣ ጠዋት ጠዋት የጡቷን ወተት አልባ ትታለት ትሄድ ነበርና፣ አሮጊቷ ተደብቀው የሆነ ነገር እንደሚያቀምሱት አልተጠራጠረችም።

በመጨረሻ ልጁን ወሰደችባቸው። ሽቦውን በጆንያ አስመጥታ ደጇ ላይ ትሠራ ጀመር። እሳት አታስነካውም፤ ቀጫጭኑን እንደ ሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ በጥርሷ እየላጠች ፕላስቲኩን እንትፍ ትላለች። ከዚያ ታጥባ፣ ልብስ ቀይራ፣ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወትፋ ልጇን ታጠባለች።

ሽታው በረታ።

አስካለ አንድ ከሰዓት በሩ ላይ ቆሙ። «እኔ ጋ ሲውል እኮ ወደ ማታ ነቃ ይል ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ጠዋት ከአንቺ ስቀበለው ነው ፍዝዝ ብሎ የሚመጣው።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለችና በሩን ዘጋችባቸው።

በተዘጋው ክፍል ውስጥ ሽታውን ከብርድ ልብሱ፣ ከግድግዳው እርጥበት፣ ከልጁ ፀጉር ፈለገችው፤ የለም። እፎይ ብላ አቀፈችውና ጡቷን አወጣችለት። ያብስራ ከሰነበተበት ፍዘት ነቅቶ ዓይን ዓይኗን አያት፤ ከዚያ ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ፤ ክንዷ ላይ ከወደቀችው የወተት ጠብታም ያ ሽታ ሞቅ ብሎ ተነሣ።