በሩ ተዘግቶ ሲለካ

ለምን ዝም አለ?

ኢንጂነሯ ይህን ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ይዛው ትዞራለች። በሰው ፊት ተከራክሯት ቢሆን፣ ጮኾባት ቢሆን ንዴቷ በበረደላት ነበር። እሱ ግን እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወጣ። ያ ዝምታው ነው ያንገበገባት።

የተዋወቁትም በንዴት ነበር። ትምህርቷን ውጭ ጨርሳ በመጣች በወሩ፣ አጎቷ የልብስ ማጠቢያ ድርጅቱን አዲስ ቦይለር እንድታስጀምርለት ጠራት። ቦይለር ክፍሉ ስትገባ ከብረቱ ሆድ የወጡ ሁለት እግሮች ብቻ ይታያሉ።

«አንቺ፣ አስራ ሰባት ቁጥሩን መፍቻ አቀብዪኝ» አለ ከውስጥ አንድ ድምፅ።

«ማንን ነው አንቺ የምትለው?»

«መፍቻው አጠገብ የቆመችውን።»

እየተሳበ ወጣ። ፊቱ እስከ ጆሮው ጠቁሯል። ሠራተኞቹ «ጥቀርሻ» የሚሉት ለካ ወደው አይደለም። ነጭ ጋዋኗን ከላይ እስከ ታች አየና «ይሄን ለብሰሽ ነው እዚህ የምትሠሪው?» አላት።

«አንተን ምን አገባህ?»

«እኔንማ ምንም። የሚያጥቡት ውጭ ያሉት ሴቶች ናቸው።»

ሳቋን እንዳያይባት ፊቷን አዞረች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አብረው ናፍጣ ናፍጣ ሸተቱ። እሱ ቧንቧ ሲያስር እሷ ትፈትሻለች፤ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦውን ለሁለት ይቆርስና ጣቱ ያልነካውን ግማሽ በወረቀት ይዞ ይሰጣታል። አንድ ቀን ጉንጯ ላይ ጥላሸት አየ። ሊጠርግላት ከጨርቁ ንጹሕ ጎን ፈለገ፣ ፈለገ... አጣ።

«ተይው በቃ፣ ያምርብሻል» አላት።

ያን ቀን ቤቷ ገብታ ፊቷን ሳትታጠብ ብዙ ቆየች።

እሳቱን የሚያነደው በርነር የሚነሳበት ቀን ደረሰ። ከናፍጣ ፓምፑ አየሩን አስወጡ። ማራገቢያው ተነሳ፣ የቦይለሩን ሆድ አናፈሰ፤ ብልጭታው ጠቅ ጠቅ አለ፤ ከዚያ እሳቱ ቡፍ ብሎ ያዘ። በትንሿ መስታወት ሊያዩት ሁለቱም ጎንበስ አሉ። ትከሻዋ ትከሻውን ነካው። አንዳቸውም ፈቀቅ አላሉም።

«ሳምንት ያለ ጭስ ከሠራ...» አለ እሳቱን እያየ፣ «የምነግርሽ ነገር አለኝ።»

«አሁን ንገረኛ።»

«መጀመሪያ ይሥራ።»

ክፍሉ ስለጋለ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። በጭስ መለኪያዋ ከጭስ ማውጫው በማጣሪያ ወረቀት በኩል ስባ አየች፤ ጥላሸት ስለሌለ ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ወጣ። የበርነሩን የአየር ማስገቢያ ብሎን አጠበቀችና ማንም እንዳይነካው በቀይ የጥፍር ቀለሟ አተመችበት።

«በሩን ዘግተሽ ለኪው» አላት ቀስ ብሎ። «ይሄ ክፍል ሌላ አየር የሚገባበት የለውም።»

«እኔ እኮ ይሄንን ነው ስማር የኖርኩት። አንተ የት ተማርከው?»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ከበዳት። ግን አልመለሰችውም። እሱም ወደ ቧንቧዎቹ ዞረ።

ከሰዓት በኋላ ግቢው በጩኸት ተናወጠ። እንዲደርቁ የተሰጡት ሁለት መቶ የሆስፒታል አንሶላዎች ላይ ጥላሸት ዘንቦባቸዋል። ወደ ቦይለር ክፍሉ ሮጣ ስትደርስ «ጥቀርሻ» በርነሩ ላይ አጎንብሷል። ቀዩ ማኅተሟ ተሰብሯል። ብሎኑን የፈታበት ካቻቢቴ በእጁ ነው።

«ነካኸው?»

«ነክቻለሁ።»

«ማን ፈቀደልህ? የሠራኸውን አየኸው?»

አጎቷና ሠራተኞቹ ከኋላዋ ቆመዋል። እሱ አጎቷን አየ፣ ከዚያ እሷን።

«እሳት በግምት አይነካም። አጎቴ፣ ይሄ ሰውዬ እዚህ ካለ እኔ የለሁም።»

ካቻቢቴውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና እጁን በጨርቅ ጠረገ። በአጠገቧ ሲያልፍ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «አንዴ ነግሬሽ ነበር» አላት።

ብሎኑን ወደ ራሷ ልክ መልሳ እንደገና አተመችበት። ሦስት ቀን ብቻዋን ሠራች። በአራተኛው ቀን የአጣቢዎቹ ታላቅ፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው ሴትዮ፣ ባልዲያቸውን የቦይለር ክፍሉ በር ላይ አስቀመጡ።

«ስሚ አንቺ ልጅ። ያን ቀን በሩን የዘጋነው እኛ ነን። የማሽንሽ ጩኸት ራሳችንን ሲበጠብጠን ጊዜ። ጭሱ ሲመጣ ሮጦ የከፈተው እሱ ነው። ነገም መዝጋታችሁ አይቀርም ብሎ አየሩን ጨመረው። እኛ ግን ከዚያ ወዲህ ፈርተን አልዘጋነውም።»

«እና እናንተ ለምን ዝም አላችሁ?»

«ለእንጀራችን ፈርተን።»

«እሱስ?»

«በሩ ላይ ይዤ ጠየቅኩት። ንዴቱ አልበረደለትም። ‹ስህተቷን በአጎቷ ፊት ላውጣባት እንዴ?› አለኝ። አንቺ ግን አንድ ቃል አላስተረፍሽለትም።»

ሴትዮዋ እንደወጡ በሩን ዘጋችው። ወዲያው የበርነሩ ድምፅ ታፈነ፤ የእሳቱ ጫፍ ጠቆረ። መለኪያውን ሳበች። ወረቀቱ ላይ የካፖርት ቁልፍ የሚያክል ጥቁር ክብ ወጣ። ሦስት ቀን ሙሉ የተሸከመችው ንዴት ያኔ ባለቤቱን አገኘ።

አጎቷንና ሠራተኞቹን ጠርታ ነጩንና ጥቁሩን ወረቀት ጎን ለጎን አሳየቻቸው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም።»

«እና ያን የመሰለ ልጅ አስባረርሽኝ?» አለ አጎቷ። ከዚያ በኋላ የተናገራትን ሁሉ አንገቷን ደፍታ ሰማች።

ግድግዳው እንዲበሳ አደረገች፤ አየር ገባ። በሩን ዘግታ እንደ አዲስ ለካች። «ጥቀርሻን» ፍለጋ ወደ ቤቱ ብትሄድ አከራዩ «ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁ ብሎ ዕቃውን ጭኖ ሄዷል» አሏት። ደወለች፤ አያነሳም።

ሳምንቱ ሲሞላ ነጩን ወረቀት በስልኳ አንስታ ላከችለት። ከሥሩ ጻፈች፦

«በሩ ተዘግቶ የተለካ ነው። ሳምንት ያለ ጭስ ሠራ። በሰው ፊት ያልኩህን በሰው ፊት መልሻለሁ። አሁን ልትነግረኝ የነበረውን ንገረኝ... ስድብም ቢሆን።»

መልእክቱ መነበቡን ስልኳ አሳያት። በማግስቱም በወሩም መልስ አልመጣም። ለምን ዝም እንዳለ፣ በዚህ ጊዜ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። አንዴ ነግሯት ነበር፤ አልሰማችውም።