ከረድፏ የወጣችው ጥንዚዛ

ቄስ ሃሎውስ ሞተው የተገኙት የጥንዚዛ ስብስባቸው ላይ ተደፍተው ነው። ሻያቸው ውስጥ ጥንዚዛ የሚገድሉበት መርዝ ተገኘ። ለሳፎክ አውራጃ ጨዋዎች ይህ በቂ ነበር፤ ሻዩን ያቀረበችው ገረዲቱ ኬዚያ ናትና ትሰቀል አሉ። ድሃ ከተገኘ ማን ለማሰብ ይደክማል!

የመርማሪው የኢንስፔክተር ጃጎ ዓይን ግን ያረፈው በሪባን በታሰሩ ደብዳቤዎች ላይ ነው። የሠላሳ ዓመት ደብዳቤ፣ ሁሉም ሚስተር ፔሊንግ ከተባለው ጎረቤት ጥንዚዛ ሰብሳቢ የተላከ። «ውድ ወዳጄ» ብሎ ይጀምርና ሦስተኛው መስመር ላይ «የጥንዚዛ አደራደርህ ስህተት ነው» እያለ ይናደፋል። እነዚህ የተማሩ ሰዎች ወዳጅነት የሚሉት ይህንን ነው።

«ቁጥር አላቸው» አለ ጃጎ። «አርባ አንደኛው የት ሄደ?»

የሟች እህት ሚስ ሄስተር ከንፈሯን ነከሰች። «በፔሊንግ ስም የምትጠራውን ጥንዚዛ ያገኛት ወንድሜ ነው። ፔሊንግ ይህንን ያመነው በዚያ ደብዳቤ ነበር። ወንድሜ በዚህ ወር ሊያሳትመው አስቦ ነበር።»

«ትናንት መጨረሻ ሲያዩዋቸው ምን ያደርጉ ነበር?»

«በፖስታ የመጣችለትን ጥንዚዛ ላይኛው ረድፍ ላይ ሰካት። የትኛዋ የት እንደምትገባ እኔ አላውቅም። ከዚያ የታመመች ጎረቤት ልጠይቅ ወጣሁ።»

ጃጎ ጥንዚዛዎቹ የተሰኩበትን መሳቢያ ሳበ። ላይኛው ረድፍ ላይ የቀረው ባዶ የመርፌ ቀዳዳ ነው። አዲሷ ጥንዚዛ ታችኛው ረድፍ ላይ ተሰክታለች።

«ነክተሻታል?» ሲል ፖሊስ በካቴና ይዞ ያቆማትን ኬዚያን ጠየቃት።

«እኔ? ለእኔ ሁሉም በረሮ ነው ጌታዬ!»

ለጥያቄ የተጠራው ፔሊንግ አፍንጫውን ነፋ። «ከገና ወዲህ እስከ ዛሬ እዚህ ቤት እግሬ አልረገጠም። ገረዷ እያለች እኔን ትጠይቃለህ?»

በማግስቱ ጠዋት ጃጎ ጨዋዎቹን ጨምሮ ሁሉንም ሰበሰበ። ፔሊንግን ከተከፈተው መሳቢያ አጠገብ አስቀመጠውና ይናገር ጀመር።

«ገዳዩ ሻዩ ከቀረበ በኋላ ገባ፤ መርዙን ጨመረ፤ ደብዳቤውን ወሰደ። ዝም ብሎ መሄድ ይችል ነበር። ግን ጥንዚዛዋ ያለ ቦታዋ ተሰክታ አየ። ኬዚያ ስህተቱን አታውቅም፤ ሚስ ሄስተርም አታውቅም። ወዳጁ አጠገቡ ሞቶ እያለ ጥንዚዛ የሚያስተካክል አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ተረት!» አለ ፔሊንግ።

«ይሁን። ዛሬ ጠዋት እኔው ወደ ላይኛው ረድፍ መልሻት ነበር። አሁን የት ናት?»

ሁሉም ወደ መሳቢያው አዩ። ጥንዚዛዋ ታች ናት። ፔሊንግ ጣቶቹን ሰበሰበ።

«ዓይን ያለው ሰው እንዴት ዝም ብሎ ያያል!» ብሎ ጮኸ። «ሠላሳ ዓመት ጻፍኩለት! ሠላሳ ዓመት አልገባውም!»

«ደብዳቤውን ቤትህ አግኝተነዋል» አለ ጃጎ። «የራስህን ቁጥር ሰጥተህ አስቀምጠኸዋል። ሰብሳቢ መቼ ይጥላል!»

ፖሊሱ የኬዚያን ካቴና ፈታ። እሷም የእጇን አንጓ እያሻሸች ወደ መሳቢያው ተጠጋችና ጎንበስ ብላ አየች።

«ይቺ ናት?» አለች። «እኔ ልሰቀል የነበረው ለዚች ነው?»

ጨዋዎቹ ባርኔጣቸውን አንስተው ወደ በሩ አመሩ።