ዘጠና ጊዜ የሰመጠችው እህቴ

እህቴ ጀልባ ቀዛፊ ናት፤ ሰው ታሻግራለች። አንድ ሰውዬ የመጀመሪያ ቀን ጀልባዋ ላይ ሲወጣ ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ዓይኑን እሷ ላይ ተክሎ ቀረ።

«በደቂቃ ስንት ጊዜ ትቀዝፊያለሽ?» አላት።

«ምን አገባህ? ይልቅ ቁጭ በል፣ ትገለብጠናለህ!»

ጆሮው ቀላ። ከኋላ ተቀምጬ ውሃ የምጨልፈው እኔ በሳቅ ፈረስኩ!

ለካ ሰውዬው ተመራማሪ ነው። የጥንት ሰዎች በሸምበቆ ጀልባ ሐይቁ መሃል ወዳለው ደሴት መሻገር ይችሉ እንደሆነ በኮምፒውተር ያጠናል። ነፋሱን፣ ሞገዱን፣ የቀዛፊውን ጉልበት ያስገባል፤ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ጀልባዎቹ ራሳቸው ይሄዳሉ፤ አንዱን ጉዞ መቶ ጊዜ ይሞክረዋል። በመጨረሻ እውነተኛ የሸምበቆ ጀልባ አሠራና ከእህቴ ጋር አብረው ሊሻገሩ ተስማሙ። ስድስት ዓመት የጠበቀው ጉዞ ነው። በዚህ መሃል... እንግዲህ ገብቷችኋል፤ እህቴ ፀጉሯን መሠራት አበዛች።

ጉዞው ሦስት ቀን ሲቀረው የላከችለትን ምሳ ይዤ ቢሮው ገባሁ። እሱ የለም። ስክሪኑን አየሁና ክው አልኩ! የእህቴ ስም ከላይ ተጽፏል። ከሥሩ መቶ ጀልባ። ዘጠናው ቀይ፦ ሰመጠ፣ ሰመጠ፣ ሰመጠ...

ምሳውን ጥዬ ሮጥኩ።

«እትዬ! ሰውዬሽ ሊያሰምጥሽ ነው! እያወቀ!»

አላለቀሰችም። መቅዘፊያዋን እንደያዘች ቢሮው ሄደች። ያ ነው ያስፈራኝ።

«ዘጠና ጊዜ ገድለኸኛል አሉ» አለችው።

ፊቱ አመድ መሰለ።

«እውነት ነው... እኔ አብሬሽ ስሳፈር ነው የምትሰምጪው። ከባድ ነኝ፣ መቅዘፍም አልችልም። እኔን አውጥቼ ሌላ ቀዛፊ ሳስገባ ግን... እይ።»

አንድ ቁልፍ ተጫነ። ጀልባዎቹ ሁሉ አረንጓዴ ሆነው ደሴቱ ደረሱ።

«ስለዚህ እኔ ከጉዞው ቀርቻለሁ። ትናንት ለቢሮው አስታውቄያለሁ።»

«ስድስት ዓመት የለፋህበትን?»

«ጉዞ ሌላ ይገኛል። አንቺ ግን...»

እኔ በሩ ላይ ቆሜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ!

በጉዞው ቀን እህቴ ከሥራ ጓደኛዋ ጋር የሸምበቆውን ጀልባ ቀዘፈች። እሱና እኔ በሞተር ጀልባ ተከተልናቸው፤ እሱማ ባልዲ ታቅፎ እያስመለሰው። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ቀዝፋ ደሴቱ ላይ ስትወርድ መዳፏ ተላጧል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። እሷ ግን ሁሉንም አልፋ ቀጥ ብላ ወደ እሱ መጣች።

«አንተን ሳልጭን ደረስኩ። ምንም አልጣመኝም። ከዛሬ በኋላ ብንሰምጥም አብረን... ታገባኛለህ?»

በሰው ፊት! እህቴ!

እሱ መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት... እንደገና አስመለሰው።

«ይሄ እሺ ነው?» አለችው፣ ጀርባውን እያሻሸች።

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እንደዚያ እንደቆሸሸ አቀፈችው!